ዋግ ሹም፣ ጭቃ ሹም፣ አድሚን

"ዋግ ሹም" የሚለውን ማዕረግ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሁለት ቃል ነው። "ዋግ" ቦታ ነው፤ "ሹም" ሥራ ነው። የሰውየው ስም የትም የለም። ጎበዜ ይሁን፣ ጓንጉል ይሁን፣ ከበደ ይሁን፣ ማዕረጉ ያው ነው። አሁን ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ውስጥ ግቡና የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ክፈቱ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፦ ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችልና የት ድረስ ማድረግ እንደሚችል። የመጀመሪያውን "ሚና" እንበለው፤ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ብዙ ሰው "ሮል" ነው የሚለው። ሁለተኛው ክልሉ፣ ወሰኑ ነው። ሹምና ዋግ ማለት ነው።

"እንግዲያው ኮምፒውተርም የእኛ ነበር" ወደሚል ወሬ አልወስዳችሁም፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሞልቷል፤ ይቅርብን። የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ብዙ ሰው፣ ብዙ ሥራና ብዙ ንብረት አንድ ላይ ሲኖር "ማን ምን ይንካ?" የሚለውን እንዴት ትወስናላችሁ? ይህን ጥያቄ የሰቆጣ ቤተ መንግሥትም፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም፣ ዛሬ ዋግ ኽምራ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያም ተጋፍጦታል። መልሶቹ የሚገርም ያህል ይመሳሰላሉ፤ ስሕተቶቹ ደግሞ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከታሪኩ እንነሣ። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት፤ ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው ደጋ ላይ። የአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ ኽምጣና ይባላል፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የዛግዌ ነገሥታትም አገው ነበሩ። በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛግዌን ሥርወ መንግሥት አብቅቶ ሲነግሥ፣ በአገሩ ትውፊት እንደሚነገረው፣ የዛግዌ ዘሮች ሙሉ በሙሉ አልተባረሩም። ዋግ በእጃቸው ቀረ። ዘውዱ ሄደ፤ ግዛቱ ግን በ"ዋግ ሹም" ስም ተረፈላቸው።

ስምምነቱ ሲነገር የብር ወንበር ነገር ሁልጊዜ ይነሣል። ንጉሠ ነገሥቱ በወርቅ ዙፋን ሲቀመጥ፣ ዋግ ሹሙ በፊቱ በብር ወንበር መቀመጥ ይችላል። ሌላው መኳንንት ቆሞ! ይህን የምጠቅሰው ለጌጡ አይደለም። በንጉሥ ፊት መቀመጥ አንድ ፈቃድ ነው። ነጋሪት ማስመታት ሌላ ፈቃድ ነው። ግብር መሰብሰብ፣ ዳኝነት ማየት፣ ጦር መጥራት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈቃድ ናቸው። ማዕረግ ማለት እነዚህን ፈቃዶች በአንድ ገመድ አስሮ ስም ማውጣት ነው። ሰውየው ሲሾም ፈቃዶቹን አንድ በአንድ የሚቆጥርለት የለም፤ "ዋግ ሹም ብለንሃል" ከተባለ ሁሉም አብሮ ይመጣል።

ቤተ መንግሥቱም በሙሉ እንዲሁ ነው የተሠራው። "ሥርዓተ መንግሥት" የሚባል የግእዝ ጽሑፍ አለ፤ በቤተ መንግሥት ማን ምን ሥራ እንዳለው፣ በሥነ ሥርዓት ጊዜ ማን የት እንደሚቆም የሚደነግግ ነው። የጦር ማዕረጎቹንም ስማቸውን ብቻ አዳምጡ፦ ፊታውራሪ ከፊት ይሄዳል፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ከደጁ። ሰፈሩ ሲሰፍር ድንኳንህ የት እንደሚተከል ማዕረግህ ይነግርሃል። በጅሮንድ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። ጸሐፌ ትእዛዝ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማኅተሙንም ይይዛል። እኔ ከሁሉም የምወደው ግን እልፍኝ አስከልካይ የሚለውን ነው። ቃል በቃል "ወደ እልፍኝ እንዳይገባ የሚከለክል" ማለት ነው። ሥራው ማስገባት ነው ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ፤ ስሙ ግን መከልከልን ነው ያስቀደመው። የኮምፒውተር ደህንነት መምህራን ለተማሪዎቻቸው "ከክልከላ ጀምሩ፣ ከዚያ የሚያስፈልገውን ብቻ ፍቀዱ" ይላሉ። እልፍኝ አስከልካዩ በማዕረግ ስሙ ጨርሶታል።

ደጅ ጥናትም ታስታውሳላችሁ? ሹመት ወይም ፍርድ የፈለገ ሰው በጌታው ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት እየተመላለሰ ይጠብቃል። ዛሬ አዲስ ሠራተኛ "ሲስተሙ አልተከፈተልኝም" እያለ ለሳምንታት ሲንከራተት ሳይ ደጅ ጥናት ገና አልሞተም እላለሁ።

አሁን ከበድ ወዳለው ጉዳይ እንግባ። በሰሜኑ የመሬት ሥርዓት ሁለት ቃላት አሉ፦ ርስትና ጉልት። ርስት ከአባት ከእናት የሚወረስ ነው፤ የትውልድ ነው። ጉልት ግን በመሬቱ ላይ ካለው ገበሬ ግብር የመቀበል መብት ሲሆን፣ በአብዛኛው ከሹመት ጋር የተያያዘ ነው። ሲሾም ይመጣል፤ ሲሻር ይሄዳል። ሹም ሽር የሚባለው ፖለቲካ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የሰው የሆነውና የወንበሩ የሆነው ካልተለዩ መሻር የሚባል ነገር አይኖርም። ነገሥታቱ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ሹሞችን ከግዛት ግዛት ያዘዋውራሉ፤ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ሥር እንዳይሰድ።

ዋግ ግን ችግር ነበር። ዋግ ሹምነት በዘር የሚወረስ ሹመት ነው፤ ግማሹ ርስት፣ ግማሹ ጉልት የሚመስል። አፄ ቴዎድሮስ የየአገሩን ባላባት አንስተው በራሳቸው ሹሞች ለመተካት ሲነሡ፣ እንዲህ ያለው ወንበር እሾህ ሆነባቸው። ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን አስገደሏቸው። ልጃቸው ጎበዜ ሸፈተ። ወንበሩን ከሰውየው ጋር አብሮ መግደል ቢቻል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር፤ ነገር ግን የዋግ ሰው ወዲያው ሌላ ዋግ ሹም ነበረው። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ዋግ ሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ አለና። ጎበዜ ሠራዊት ነበረው፣ አገር ነበረው፣ የዛግዌ ዘርም ነበር። የጎደለው አንድ ፈቃድ ነው፤ ያውም ራሱ ሊሰጠው የማይችለው። ንጉሠ ነገሥት የሚቀባው ጳጳሱ ነው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ደግሞ በ1867 በመቅደላ እስር ቤት ሞተዋል። አዲስ ጳጳስ መላክ የሚችለው የእስክንድርያ መንበር ብቻ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ንጉሥ የመቀባት ሥልጣን ያለው አንድም ሰው አልነበረም! የትግራዩ ካሣ ምርጫ ይህን አይቶ ወደ ግብፅ ላከና በ1869 አቡነ አትናቴዎስን አስመጣ። በሐምሌ 1871 አድዋ አጠገብ አሰም ላይ ሁለቱ ሲዋጉ ካሣ አሸነፈ፤ ጎበዜ ተማረከ። በጥር 1872 ካሣ አክሱም ላይ ተቀብቶ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆነ። ለድሉ ከእንግሊዞች ያገኘው መሣሪያ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ መሥራት አንድ ሥልጣን ነው፤ ሌላውን መሾም ሌላ ሥልጣን ነው፤ ሿሚውን መሾም ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱ በተለያየ እጅ ነበሩ፤ ሦስተኛው እንዲያውም ባሕር ማዶ።

የጎበዜና የካሣ ጦርነት ካለፈ 90 ዓመት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒውተር በጣም ውድ ነበርና አንዱን ማሽን ለብዙ ሰው ማካፈል ግድ ሆነ። በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቻቸው ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሲስተም ለዕይታ አቀረቡ። ብዙ ሰው ከየጠረጴዛው ሆኖ በአንድ ጊዜ አንዱን ማሽን ይጠቀማል። ወዲያው የድሮው ጥያቄ መጣ፦ የእኔን ፋይል አንተ እንዳታየው ምን ያግድሃል? የይለፍ ቃል ተፈጠረ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1962፣ አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃው ሲል የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል በሲስተሙ አሳተመና በሌሎች ስም እየገባ ሥራውን ቀጠለ። ተማሪ ምን ጊዜም ተማሪ ነው።

በ1966 የሆነው ግን የበለጠ ያስተምራል። ሁለት የሲስተሙ አስተዳዳሪዎች በአንድ የአስተዳዳሪ ማኅደር ውስጥ በተመሳሳይ ጊዜ እየሠሩ ነበር። አንዱ ለተጠቃሚዎች የሚታየውን የዕለቱን ማስታወቂያ ያርማል፤ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ፋይል ያርማል። ሲስተሙ ሲነደፍ ያ ማኅደር በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አይሠራበትም ተብሎ ስለታሰበ፣ ሁለቱ ጊዜያዊ ፋይሎች ተመሳሳይ ስም ያዙና ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ሲስተሙ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም የይለፍ ቃል ዝርዝር እያነበበ ገባ! ሌባ አልነበረም፤ ክፉ ሐሳብም አልነበረም። ለአንድ ሰው የታሰበ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተቀመጠ፤ በቃ። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ ሰቆጣ ስንመለስ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ መሠራት የጀመረው ዩኒክስ ለእያንዳንዱ ፋይል ባለቤት፣ ቡድንና ሌላው ሰው ብሎ ሦስት ደረጃ አበጀ፤ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ ብሎ ሦስት ፈቃድ ሰጠ። ሁሉን የሚችለውን ተጠቃሚ "ሩት" አለው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ይህ አሠራር አሁንም ውስጡ አለ። በ1975 ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር ዛሬም የሚጠቀስ ጽሑፍ አወጡ። ከመርሆዎቻቸው አንዱ ማንም ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ፈቃድ አይኑረው ይላል። ሌላው ደግሞ ከባድ ነገር በአንድ ቁልፍ ብቻ አይከፈት ይላል።

ይህኛውን ለማስረዳት የባንክ ካዝና ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። በብዙ አጥቢያ ያለውን ሙዳየ ምጽዋት አስቡ፤ ከአንድ በላይ ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው። ሳይሰበሰቡ አይከፈትም። ሰዎቹ ስለማይታመኑ ነው? የለም፣ እንዲያውም የሚታመኑት ናቸው የሚመረጡት። አንዱ ብቻውን ቢከፍት ግን ነገ ሳንቲም ጎደለ ሲባል ራሱን የሚያነጻበት መንገድ የለውም። ፈቃድን መከፋፈል ንጹሑን ሰውም ይጠብቃል፤ ይህን ነገር የመማሪያ መጻሕፍት ብዙም አይሉትም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ራሱ ሌላ ትምህርት ነው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፤ ሦስት ክፍል። መቅደስ የሚገባው ቄሱና ዲያቆኑ ነው። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ካለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄዳችሁ ብታዩ፣ ለመግባት የሚያበቃችሁ ሀብታችሁ ወይም ዝናችሁ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ። ዋግ ሹሙም ቢሆን ቄስ ካልሆነ መቅደስ አይገባም። አንድ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ መሆን ሌላ ሥርዓት ውስጥ አያስገባም።

ወደ 1992 እንምጣ። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩት ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን "ሚናን መሠረት ያደረገ" የፈቃድ አሰጣጥን የሚያብራራ ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፈቃድን ለሰው አትስጡ፤ ለሚና ስጡ፤ ሰውን ደግሞ ሚና ላይ አስቀምጡ። በ1996 ራቪ ሳንዱና ባልደረቦቻቸው አሰፉት፤ በ2004 የአሜሪካ መደበኛ ደረጃ ሆነ። ባንኮችና ሆስፒታሎች ድሮም በዚህ መንፈስ ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች ያደረጉት ነገሩን በሒሳብ ቋንቋ ጥርት አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። አንድ መሥሪያ ቤት 50 ሠራተኛ አለው፤ ሲስተሙ 40 ዓይነት ፈቃድ አለው እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው እያንዳንዱን ፈቃድ "ይኑረው ወይስ አይኑረው?" ብላችሁ ብትወስኑ 50 ሲባዛ በ40፣ 2,000 ውሳኔ ነው። 5 ሚና ብታበጁስ? 5 ሲባዛ በ40፣ 200 ውሳኔ፤ ከዚያ 50ውን ሰው በየሚናው መመደብ፤ ድምሩ 250። ትልቁ ትርፍ ግን ነገ ነው የሚመጣው። ሒሳብ ሹሟ ስትቀየር አንድ መስመር ትነካላችሁ እንጂ 40 አትነኩም። ለካ ነገሥታቱም ማዕረግ የወደዱት ለክብር ብቻ አልነበረም።

ደግሞ ሚና ሲበላሽ የሚበላሽበት መንገድም አንድ ዓይነት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የድሮ ማዕረጎችን በአዲስ ሥራ ላይ አስቀመጡ፦ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር። የጽሕፈት ሚኒስትር ስሙ ቀለል ያለ ይመስላል። ማኅተም ይዞ ትእዛዝ የሚያወጣ ሰው ግን ምን ያህል ኃይል እንዳለው በኋላ ታየ። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከጣሊያን መባረር በኋላ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው፣ ሌሎች ሚኒስቴሮችንም ደርበው እየያዙ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ እጅግ የሚፈሩ ሰው ሆኑ። ወደ ንጉሡ የሚገባ ጉዳይ ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው። በ1955 አፄ ኃይለ ሥላሴ በአንድ ጊዜ ከሥልጣኑ አንስተው የአርሲ ገዥ አድርገው ላኳቸው። የሶፍትዌር ሰዎች ይህን ዓይነቱን "የፈቃድ መከማቸት" ይሉታል፦ አንዱ ሠራተኛ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር አዲሱ ይጨመርለታል፣ አሮጌው አይነሣም፤ ከ10 ዓመት በኋላ ሰውየው ሳያስበው ሁሉንም በር የሚከፍት ሰው ሆኖ ይገኛል። በእኔ ግምት በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጸሐፌ ትእዛዝ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ነው።

አሁን ሰቆጣ እንመለስ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በ2030 ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ገባ። ስሙ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ሥራው በተከዜ ተፋሰስ በአማራና በትግራይ በ33 ወረዳዎች ተጀመረ። መቀንጨርን ጤና ብቻውን አያስቆመውም፤ ግብርና፣ ውሃ፣ ትምህርት ሁሉም ይገባበታል። ይህም ማለት ከተለያየ መሥሪያ ቤት የሚመጡ ሰዎች ስለ አንድ ቀበሌ ሕፃናት የየራሳቸውን መረጃ ይሰበስባሉ ማለት ነው። ማን የማንን ቁጥር ያያል? ማን ያርማል?

የጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ መሠረቱ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በነፃ ይገኛል። ተጠቃሚ ስትፈጥሩ ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል። አንደኛ፣ ሚናው ምንድን ነው? መረጃ ማስገባት ብቻ ነው ወይስ ማጽደቅ፣ ወይስ ሌላ ተጠቃሚ መፍጠር? ሁለተኛ፣ በየትኛው የአስተዳደር እርከን ነው? ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለ እስከ ሚኒስቴሩ ይወጣል። ደሃና ያለ ጤና ጣቢያ የመረጃ ባለሙያና ጋዝጊብላ ያለ ባልደረባዋ አንድ ዓይነት ሚና ሊኖራቸው ይችላል፤ ወሰናቸው ግን የተለያየ ነው። ሹም ሁለቱም ሹም ናቸው፤ አንዱ የዋግ፣ አንዱ የተምቤን፣ አንዱ ደግሞ የጭቃ። ጭቃ ሹም የሚለው ቃል ሚናው እስከ አንድ መንደር ብቻ እንደሚደርስ እየነገረን ነበር።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? እስቲ አስቡት። በአንድ ቀበሌ በወሩ 18 ሕፃናት ክፉኛ ተጎሳቁለው ተገኙ እንበል። አንድ ሰው በስሕተት 180 ብሎ ቢያስገባ፣ አልሚ ምግቡ ከሌላ ቀበሌ ተነሥቶ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። 1 ብሎ ቢያስገባ 17 ሕፃናት ከቁጥር ወጡ። ስለዚህ የሚያስገባው ሰውና የሚያጸድቀው ሰው ሁለት መሆን አለባቸው፤ ሙዳየ ምጽዋቱን አስታውሱ። ማን መቼ እንዳስገባውም መመዝገብ አለበት። ደግሞ የአንዲት እናት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ለጤና ባለሙያዋ እንጂ ለግብርናው ባለሙያ ምን ያደርግለታል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ እንዲህ ያለውን መረጃ በሕግ ጥላ ሥር አስገብቶታል።

ይህ ሁሉ ደንብ ግን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሊፈርስ ይችላል። አይታችሁ ይሆናል፦ ሞኒተሩ ጥግ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች፣ የይለፍ ቃሉ የተጻፈባት። ቢሮው አምስት ሰው ነው፤ አካውንቱ አንድ። ኔትወርክ ሲመጣ ቅርብ ያለው ሰው ይገባና የሁሉንም ሪፖርት ይጭናል። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ይህ የሚደረግበት ምክንያት ይገባኛል፤ ሪፖርቱ በጊዜው ካልደረሰ ወቀሳ አለ። ነገር ግን 180 የተባለው ቁጥር ሲገኝ "ማን አስገባው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሲስተሙ የሚሰጣችሁ የአምስት ሰው ጥላ የሆነ አንድ ስም ነው። ከ1966ቱ የኤምአይቲ ማስታወቂያ ጋር ያለው ዝምድና ይታያችኋል? ለአንድ ሰው የታሰበ ወንበር ነው። በእኔ እምነት መፍትሔው ሠራተኛውን መገሠጽ ላይ አይደለም ያለው፤ አምስት አካውንት ለመክፈት ሦስት ደብዳቤና ሁለት ወር ደጅ ጥናት የሚያስፈልግ ከሆነ ሰው አንዷን አካውንት ይጋራታል።

መሻሩስ? ሹም ሽር ከሾመ በኋላ የሻረ ነው። አንድ ባለሙያ ከሰቆጣ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር የዝውውር ደብዳቤው ግርጌ ላይ ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ፦ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለንብረት። ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ የወሰደው ወንበር፣ ያልመለሰው መጽሐፍ፣ የቀረበት ብድር ሁሉ ይጠየቃል፤ በየመስመሩ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታል። ወረቀቱ ላይ ግን "የሲስተም አካውንቱ ተዘግቷል" የሚል መስመር ያለበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። ቤተሰባችሁ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ዛሬ ማታ ጠይቁት፤ ሥራ የለቀቀበት የመጨረሻ ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ስሙ አሁንም ይገባ ይሆን?